የባሕሪያ ሎሪ

ሰው የሚያመው ሲጮህ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ገዳሪፍ ውስጥ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። አብሬያቸው ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ማለት እነሱ በብርጭቆ፣ እኔ በቆርቆሮ ኩባያ።

ያን ጊዜ የሐጂ ጣሃ መጋዘን ውስጥ ዓታላ ነበርኩ። ሱዳኖች ጆንያ ተሸካሚውን ዓታላ ይሉታል። በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሬ የመጣሁት ለሰሊጥ አጨዳ ነበር፤ አጨዳው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ትከሻዬ ግን መቆም አልተፈቀደለትም። ሐጂ ጣሃ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ያገሬ ሰው። ያገር ሰው ንቀት ደግሞ ከባዕድ ንቀት ይለያል፤ የት ቦታ እንደሚያም ያውቃል።

በመጋዘኑ ደጃፍ ልጃቸው ባሕሪያ ትቀመጣለች። ሰሊጥ ታበጥራለች፣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች፤ እጇ ሲሠራ ከአፏ አንድ ዓይነት ዜማ አይጠፋም፣ እንደ ንብ እም እም የሚል። እኩዮቿ ሁሉ አግብተው ወልደዋል፣ እሷ አላገባችም። ሰላም ሲሏት ዓይን አታይም፤ ወይ ጆሮህን ወይ እጅህን ነው የምታይ። ሰው ሲስቅ አትስቅም፤ ሁሉም ዝም ሲል ብቻዋን ትስቃለች። ሠራተኛው «ድንጋይቱ» ይላት ነበር። እኔ አላልኳትም። ስም የወጣለት ሰው ስም አያወጣም።

አንድ ቀን ጆንያ አራግፌ ላቤን ስጠርግ፣ በነጩ ሰሊጥ ላይ ቀይ ነገር ሲንጠባጠብ አየሁ። የጆንያው መርፌ፣ ያ እንደ ጣት የሚረዝመው፣ መዳፏን ወግቶ በወዲያ በኩል ብቅ ብሏል። እሷ በሌላው እጇ ክሩን ለመሳብ ትታገላለች።

«እጅሽ!» አልኳት።

«አየሁት።»

«አያምሽም እንዴ?»

አሰበች። እውነት አሰበች፤ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው።

«ገና ነው» አለችኝ።

መርፌውን መዝዤ አወጣሁት፤ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ በጥምጣሜ ጫፍ፣ እንዳያማት ብዬ፣ ደሙን ቀስ አድርጌ ዳበስ ሳደርገው ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት ጮኸች።

«ቀስ አትበል! ጭምቅ አድርገህ ያዝ! ጭምቅ!»

ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት። ወዲያው ዝም አለች። ግን ዝም ማለቷን ማን ያይልኛል? አክስቷ ጠይባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረሰች። የባሕሪያ እናት ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የምትገዛው ጠይባ ናት።

«አንተ ዓታላ! የማንን ልጅ ነክተህ ነው?»

«እኔማ መርፌ ወግቷት…»

«መርፌማ ቢሆን መቼ ትጮኻለች!»

ጫማው አናቴ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አንድ ባንድ እለየዋለሁ፤ የማን ወፍራም፣ የማን ቀጭን እንደነበር።

በማግስቱ ባሕሪያ መጣች። ዜማ የላትም። ፊቷ አመድ መስሏል፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣለች።

«አሁን ደረሰ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የትናንቱ።»

ግራ ገባኝ። እሷ ግን ጆሮዬን እያየች፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት ነገረችኝ።

«ከእርሻ በኩል ጭነት የጫነ ሎሪ ሲመጣ አይተህ የለ? መጀመሪያ አቧራው ነው። ድምፅ የለም፣ ሎሪ የለም፣ አቧራ ብቻ። የኔም ሕመም እንደዚያ ነው። አንድ ነገር እንደሆንኩ አየዋለሁ። ሎሪው ግን ቆይቶ ነው የሚደርስ። አንዳንዴ የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ እግሬ ይሁን ወገቤ። ሲደርስ ደግሞ ከነጭነቱ ነው።»

«ታዲያ ሲደርስ ለምን አትጮሂም?»

«ያኔ አፌ ይዘጋል። ድምፁ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው የሚሄድ። ሰው ሲዳብሰኝ ግን ሎሪ የለም። እሱ እሳት ነው፤ ወዲያው።» ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «አንተ ስትወጋ ወዲያው ነው የሚያምህ?»

«ወዲያው ነዋ።»

«መርፌው ገና ሳይወጣ?»

«አዎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «እንዴት ትችሉታላችሁ!» አለች።

እኔ ስደነቅባት፣ እሷ በእኛ ትደነቃለች። እንግዲህ የተያዝኩት ያኔ ነው። ሌላው ሰው በጥርስ ይያዛል፣ በሽንጥ ይያዛል፤ እኔ በዚህች ቃል ተያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ጆንያ ሳራግፍ ወደሷ በኩል ማራገፍ ለመድኩ። ብዙ አናወራም። አንዳንድ ቀን ዝምታው ራሱ ወሬ ነበር። ስትናገር ግን ፊት ለፊት ነው።

«ሽታህ ሰሊጥና ላብ ነው» አለችኝ አንድ ቀን።

አፈርኩ። «ነገ ታጥቤ እመጣለሁ።»

«አትታጠብ። የሳሙናው ሽታ ራሴን ይመታኛል። ያንተ ይሻላል።»

ደግሞ አንድ ቀን ሻይ ስታድል የኔን የቆርቆሮ ኩባያ ወደ ጎን አድርጋ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። በሰው ሁሉ ፊት! ደረቴ ተነፋ። «አከበርሽኝ፣ አላህ ያክብርሽ» አልኳት።

«ቆርቆሮው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይገባል» አለች። «ለዚያ ነው።»

ደረቴ ተነፈሰ። ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው ሳቄ መጣ። ሌላው ሰው ቢሆን አክብሬህ ነው ብሎ ባለፈኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሐሰት አትችልም። በሐሰት ክብር ከኖረ ሰው፣ በእውነት ብርጭቆ የጠጣ ይሻላል።

ጎረቤት የሱዳን ሰርግ ሆነ። እነሱ ዘንድ ያለውን ልማድ ያላየ ሰው አያምንም። ሙሽራው ጅራፍ ይይዛል፤ ጓደኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ይሰጡታል። ከበሮው ይመታል፣ ጅራፉ ይወርዳል፣ ደም ይወጣል። የተገረፈው ቅንድቡን እንኳ ካልነቃነቀ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል፤ ስሙ በዘፈን ይነሳል። ካቃሰተ ግን አለቀለት፤ የልጅ ልጁ ይሰደብበታል።

ባሕሪያ ከግድግዳው ጥግ፣ ከበሮውን ፈርታ ጆሮዋን በቡጢዋ ደፍና ቆማ ነበር። ተጠጋሁ።

«ለምንድን ነው እልል የሚሉለት?» አለችኝ።

«ስላልጮኸ ነዋ። ጀግና ነው።»

«እኔም እኮ አልጮህም።»

እልልታው እንደገና ቀለጠ።

«ለሱ እልልታ ነው» አለች፣ ጅራፉን እያየች፣ ምሬት የሚባል ነገር በድምፅዋ ሳይኖር፣ «ለኔ ድንጋይ።»

እኔ እንግዲህ ስድብ የማልረሳ ሰው ነኝ። አንዲት ቆርቆሮ ኩባያ ይዤ ዓመት ያኮረፍኩ ሰው ነኝ። ይቺ ሴት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጅራፍ ስትችል ኖራ እልልታውን ተነጥቃ፣ ቂም አልያዘችም። ጥያቄ ብቻ ነው የያዘችው። ሸሚዙን አውልቆ የቆመው ጎረምሳ ዓይኔ ላይ አነሰ።

«ባሕሪያ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

«ሲነኩኝ እጮኻለሁ።»

«ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።»

አሰበች። «እሺ» አለችና ጆሮዋን መልሳ ደፈነች።

ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ጣሃ ሽማግሌዎቹን ቴምር አብልተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጥተው እንዲህ ብለው መለሷቸው፦

«ጆንያ ያሸከምኩትን ሰው ልጅ አላሸክመውም።»

ይቺ የሐጂ ቃል ከተማውን ዞራ እኔው ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ጨርቅ ሻጩ ሁሉ እየደገመ ስቆባታል። ብዙም ሳይቆይ ሙዳሲር የሚባል የከሰላ ባለሱቅ ጠየቃት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አንዴ እንኳ አላናገራትም እንጂ። ሐጂ እሺ አሉ። እኔ ሥራዬን አልተውኩም፤ ብተው ማን ያያታል?

የሙዳሲር ሽማግሌዎች ለቁርጥ ነገር የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ቀጠሮው ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ጠይባ ከጠዋት ጀምራ ሠሪ አስመጥታ የባሕሪያን ጠጉር ልታሠራ ተቀመጠች። ጩኸቱ መጋዘን ድረስ ይሰማ ነበር። ለእያንዳንዷ ዘለላ አንድ ጩኸት። ጠይባም በሩ ላይ ወጥታ ላላፊ አግዳሚው ታወራለች፦

«እጇን መርፌ ሲበሳት ዝም፣ ማበጠሪያ ሲነካት ኡኡ! ቅምጥል ናት እንጂ ምኗን አሟት! ከትናንት ወዲያ ደግሞ ‹ሆዴ ውስጥ ሎሪ ቆሟል› ትለኛለች። ሰርግ ሲመጣ ሎሪ ይቆማል እንግዲህ!»

እጄ ላይ የነበረው ጆንያ ወረደ። ከትናንት ወዲያ?

ከቀትር ትንሽ አለፍ እንዳለ፣ ፀሐይዋ አናት በምትሰነጥቅበት ሰዓት፣ ባሕሪያ ብቻዋን መጣች። ግማሽ ጠጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። የመጋዘኑን መቃን ይዛ ቆመች። ፊቷን ያየ ሰው ውሃ ልትጠጣ የመጣች ነው የሚል።

«ከማሉ» አለችኝ። ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሎሪው ሆዴ ውስጥ ቆሞ ነበር። እዚህ፣ በቀኝ በኩል። ለአክስቴ ነገርኳት፣ አላየችውም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሞተሩ ጠፋ። በአንዴ። ዝም አለ።»

ሌላው ሰው ቢሆን አልሐምዱሊላህ ይላል። እኔ አላልኩም። ዕድሜዬን ከሎሪ ጋር ነው የኖርኩት። የሚሄድ ሎሪ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ነው የሚሄድ። በአንዴ ዝም ያለ ሎሪ ሄዶ አይደለም፤ አንድ ነገር ውስጡ ተሰብሮ ነው።

ሮጬ ሐጂ ፊት ቆምኩ፤ ባሕሪያም ተከተለችኝ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው እንግዳ ይጠብቃሉ። ጠይባም ደረሰች።

«ሐጂ፣ ባሕሪያ ሐኪም ቤት ትሂድ። አሁን።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች!» አለች ጠይባ። «ይቺውና ቆማ! ላብ እንኳ የላትም። ሽማግሌ እንዳይገባ የሸረቡት ነው። ይሄ ዓታላ ነው ያስተማራት!»

ሐጂ ልጃቸውን አዩ። ፊቷ ልስን ግድግዳ ነው። ወደኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያቺ የቴምሩ ቀን ቃል ተቀምጣለች።

እኔ ኩራተኛ ነኝ። ድሃ ሌላ ምን አለው? ያን ቀን ግን መሬት ላይ ወርጄ እግራቸውን ያዝኩ።

«ሐጂ፣ ፊቷን አይዩ። ፊቷ አይናገርም። ቃሏን ይስሙ። ሎሪ ቆሟል ካለች ቆሟል። ዛሬን ብቻ ይውሰዷት፤ ከዛሬ በኋላ ከደጅዎ አልደርስም። ለሙዳሲር ይስጧት። ወላሂ አልደርስም። በሕይወት ትኑር እንጂ።»

ያኔ ባሕሪያ እም እም የምትለው ዜማ ተሰማ፤ ግን የሰሊጡ ዜማ አይደለም፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የማያቋርጥ።

«ይሄ ድምፅ…» አሉ ሐጂ። «ሕፃን ሆና እግሯ የተሰበረ ጊዜ… ሦስት ቀን እንዲህ ስትል እየዘፈነች መስሎን…» አልጨረሱትም። «ረክሻ ጥሩ!» ብለው ጮኹ።

ረክሻ በሚሉት ባጃጅ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተንጠለጠልኩ፣ አባትና ልጅ ከኋላ። መንገዱ ሲያንገላታን ሐጂ በርኅራኄ ጀርባዋን ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ፤ እሷ ትጮኻለች፤ እሳቸው ይደነግጣሉ።

«አይዳብሷት ሐጂ! ጠበቅ አድርገው ይያዟት፤ እንደ ጆንያ ጥብቅ!»

በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው አቀፏት። ጩኸቷ ቆመ። ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። በመስታወት አየኋቸው፤ ሽማግሌው ክንዳቸውን አላላሉም። ልጃቸውን ሲያቅፉ ሳትጮህ ስትቀር ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት የሱዳን ሐኪም ተቀበለችን። «ያምሻል?» አለቻት በዐረብኛ።

«አሁን አያምም» አለች ባሕሪያ። እኔ በልቤ አለቀልን አልኩ። እሷ ግን ቀጠለች፤ ድምፅዋ እንደ ገበያ ዋጋ የረጋ ነው፦ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ያመኝ ነበር። ዛሬ በአንዴ ዝም አለ። ፊቴ አያሳይም። ስለዚህ ፊቴን አትይ፤ ሆዴን ተጫኚ። ቀስ አትበይ።»

ሐኪሟ ተጫነች። እጇን ስታነሳ የተለወጠው የሐኪሟ ፊት ነው። «ይሄ ሆድ ያለው ግመል እንኳ አገር ይቀውጥ ነበር» አለችና ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገባቻት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ትንሽ ቢቆይ አበቃ።

ኋላ፣ ባሕሪያ ተርፋ ስትተኛ፣ ሐኪሟ አባቷን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ነገሩ በዐረብኛ ተወሑድ ይባላል፤ ኦቲዝም የሚሉት ነው። የልጅ ብቻ አይደለም፣ ትልቅ ሰውም አብሮት ይኖራል። «ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም» አለች። «አንዳንዱ ለትንሽ ነገር ይቃጠላል፣ አንዳንዱ ትልቁን ዘግይቶ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ነው። ሕመም የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ሕመማቸው የሚወጣበት በር ሌላ ነው። በሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል።»

ሐጂ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በጥምጣማቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። «ነግራኛለች እኮ» ይላሉ። «ያ ረቢ፣ ስንት ጊዜ ነግራኛለች!»

እኔ ቃሌን ጠበቅሁ። ሳልሰናበት ሾዋክ ወደምትባል ከተማ ወርጄ፣ እዚያ የአውቶቡስ ጭነት መጫን ያዝኩ። ሙዳሲር ሲባል እንዳልሰማ ከገዳሪፍ የሚመጣ ሰው አላናግርም ነበር።

አንድ ቀን ዓታላዎቹ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወረዱ። ሐጂ ጣሃ ናቸው። መጡና ከመካከላችን፣ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆ ስትፈልግ ከለከሏት፤ የኔን የቆርቆሮ ኩባያ ከእጄ ወስደው ጠጡበት።

«ከደጄ ላልደርስ ምለሃል» አሉኝ።

«ምያለሁ።»

«መሐላህን አላስፈርስህም። ደጁ ራሱ መጥቷል።» ኩባያውን መለሱልኝ። «ሙዳሲርን ይቅርታ ጠይቄ መልሻለሁ። ባሕሪያ ‹ከማሉን እሺ ብዬው ነበር፤ የሙዳሲር ሽማግሌዎች ለምንድን ነው የሚመላለሱ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ለዚያች የቴምር ቀን ቃል ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ስንት ሌት የሳልኩት። አልወጣም። ተነስቼ ጫማቸውን ሳምኩ፤ እሳቸው ትከሻዬን ሳሙ።

ሰርጉ ሆነ። ጠጉሯን ማንም አልነካም፤ ራሷ እንዳሻት አሰረችው። ከበሮውም ከግቢ ውጭ፣ ራቅ ብሎ ተመታ። የሱዳን ጓደኞቼ ጅራፉን አምጥተው «ያ ዓሪስ፣ አንተ ሙሽራ፣ ና ግረፈን» አሉ። ጅራፉን ተቀበልኩና መልሼ ለአንዱ ሰጠሁት። ሸሚዜን አውልቄ ጀርባዬን አዞርኩ። ሰው ሁሉ ተገረመ፤ ጀግንነት ሊያሳይ ነው አለ።

የመጀመሪያው ሲያርፍ ባለኝ ድምፅ ጮኽኩ፦ «አመመኝ! ወላሂ አመመኝ!»

ከተማው ሳቀ። ወፍራሙም ቀጭኑም ሳቀ። ይሳቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሳቅ ስሸሽ ኖሬ፣ ያን ቀን በሳቁ መካከል እንደ ንጉሥ ቆምኩ። የጮኽኩት ለራሴ ብቻ አልነበረምና።

ባሕሪያን አየኋት። ፊቷ ልስን ግድግዳ ነው። ፈገግ እንኳ አላለችም። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ ጠይባም «አልወደደችውም፣ ብያችሁ አልነበር!» ስትል ሰማሁ። ፊቷ እንደማይናገር እያወቅሁ፣ ያችን ቃል ይዤ ነው የተኛሁት። የቆየ ልማድ አይለቅም።

ቀናት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ አዲሱ ግቢያችን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ዜማዋ ተቋረጠ። ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ዞር ስል ትንቀጠቀጣለች፤ ዕንባዋ እየወረደ ጥርሷ ይታያል።

በረርኩ። «ሆድሽ ነው? የት ጋ ነው? ንገሪኝ!»

«አይደለም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሰርጉ ነው። አሁን ደረሰ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«አመመኝ ስትል!» ብላ በሳቅ ፈነዳች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። «በሰው ሁሉ ፊት! አመመኝ! ከማሉ፣ ያዘኝ። ጠበቅ አድርገህ።»

ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። ሰሊጡ እግራችን ሥር ተበትኗል። ደስታዋ በእጆቼ መካከል ሲያልፍ ተሰማኝ፤ ዘግይቶ፣ አቧራውን አልብሶን፣ ከነጭነቱ።